የማግስቱ ምሳ

ኒቬስ ለዚያ ምሳ ሦስት ጊዜ ልብስ ቀየረች። የመጀመሪያው ቀሚስ የሥራ ልብስ መሰላት፣ ሁለተኛው የለቅሶ። ሦስተኛውን ስትለብስ ሰዓቱ ስለደረሰባት፣ ይመርባት አይመርባት ሳታውቅ ብስክሌቷን አውጥታ በወንዙ ግድብ ላይ ነዳች። የኅዳር ጉም ከፖ ወንዝ ተነስቶ ሜዳውን ሁሉ ውጦታል፤ ከአሥር እርምጃ በላይ አይታይም። ለእሷ ግን ጉሙ ተስማምቷታል። የፓስታ ቤቷ ሠራተኛ ወደ ቦንዳቫሊዎች ቤት ምሳ ተጠርታ ስትሄድ ያየ ሰው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬውን ለጓስታላ ከተማ በሙሉ ያዳርሰው ነበር።

ቦንዳቫሊዎች የፎርማጆ ፋብሪካ ባለቤቶች ናቸው። ስማቸው በትልልቆቹ ክብ ፎርማጆዎች ጎን ላይ ታትሞ ይወጣል። ኒቬስ ደግሞ ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ በኢዮሌ ፓስታ ቤት ሊጥ ስትዳምጥ የኖረች፣ አሁን ሃያ ስምንት የሞላት፣ ክንዶቿ ከመዳመጡ ብዛት የጠነከሩ ሴት ናት። የቦንዳቫሊዎች ልጅ ኤርሜስ በየማክሰኞው ለፓስታ ቤቱ ፎርማጆ ያመጣል። ሾፌር እያለው፣ ሠራተኛ እያለው፣ ራሱ ተሸክሞ ያስገባል። ታዲያ ኤርሜስ ንግግር አይሆንለትም፤ ሴት ፊት ሲቆም ጆሮው ይቀላል። ስለዚህ የልቡን ሁሉ በወረቀት ጽፎ፣ ፎርማጆው በተጠቀለለበት ጨርቅ እጥፋት ውስጥ ይሸሽግላት ነበር። አንድ ዓመት ተኩል እንዲህ ተዋደዱ። ባለፈው ሳምንት «እናቴ ምሳ ጠርታሻለች» የሚል ወረቀት መጣ።

የሳን ማርቲኖ በዓል እሁድ ነው። በዚያ ቀን ቦንዳቫሊዎች ሐኪሙን፣ ቄሱን፣ የባንኩን ሥራ አስኪያጅ፣ በድምሩ ሃያ ሰው ጠርተው ያበላሉ። ወረቀቱ ግን «ሰኞ ነይ» ነው የሚለው።

«ሰኞማ እኛ ዝግ ስለሆንን ይሆናላ» አለቻት ኢዮሌ፣ ዱቄት ከክንዷ እያራገፈች።

ኒቬስ «ይሆናል» አለች። ሌሊቱን ግን «ለምን ሰኞ?» ስትል ነበር ያደረችው። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ። ጠረጴዛው ከተነሳ በኋላ። ሰው ሳያያት።

በሩን የከፈተችላት የኤርሜስ እናት ሲኞራ ኤልዲና ራሷ ናት። አጭር፣ ጠይም፣ ወገቧን በሽርጥ ጥብቅ አድርጋ ያሰረች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ፋብሪካውንም ልጆቹንም በአንድ እጅ የያዘች ሴት።

«ነይ ግቢ፣ ጉሙ አስቀራት ብዬ ስሰጋ ነበር» አለችና ቀድማት ሄደች።

በትልቁ የምግብ ክፍል አለፉ። ረጅሙ ጠረጴዛ ባዶውን ነው፤ ወይን የፈሰሰበት ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተጥሏል። ኒቬስ እዚያ ይቆማሉ ብላ ጠብቃ ነበር። ሲኞራዋ ግን ሳትቆም ወደ ወጥ ቤት አስገባቻት። አበባ የታተመበት ላስቲክ የለበሰ ጠረጴዛ፣ አራት ተራ ሳህን፣ ደፍ ላይ የተጋደመ ያረጀ የአደን ውሻ። ኤርሜስ ከተቀመጠበት ተነሳ፤ ጆሮው ቀልቷል። ከጎኑ አጎቱ ጉዌሪኖ የአፍ መጥረጊያውን አንገቱ ሥር ሰክቶ ሹካውን ጨብጧል።

«አይ አይ! ባለሙያዋ መጣችብሽ ኤልዲና! ዛሬ ፈተና ላይ ነሽ» አለ አጎትየው።

«አንተ ሽማግሌ፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ» አለችው ሲኞራ ኤልዲና፣ ፍሪጁን እየከፈተች።

ከፍሪጁ ሰፊ ትሪ አወጣች። ውስጡ ዱባ የተሞላ ቶርቴሊ የሚሉት ፓስታ፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ተደርድሮ፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ በወረቀት ተሸፍኖ። ኒቬስ አንድ ጊዜ አይታ አወቀችው። በዚህ ነገር ዓይኗ አይሳሳትም። ጠርዙ ደረቅ ብሏል፣ ሆዱ ጠበቅ ብሏል፤ አንዴ ተቀቅሎ የበረደ ነው። የትናንት። ሃያ እንግዳ በልቶ የተረፈው።

ሲኞራዋ መጥበሻ ላይ ቅቤ ጣለችና እሳቱን ዝቅ አደረገች። ቶርቴሊዎቹን አንድ በአንድ ደረደረቻቸው፣ ሁለት ማንኪያ ውሃ አንጠባጠበች፣ ክዳን ደፋችበት። እንፋሎቱ ወደ ውስጥ እስኪዘልቅ ጠበቀች። ከዚያ ክዳኑን አንስታ እሳቱን ጨመረች፣ ሳትነካካው አንዱ ጎን ወርቅማ ቅርፊት እስኪያወጣ ቆመች። ሳልቪያ የሚሉትን መዓዛማ ቅጠል በተነችበት። በመጨረሻ መሀል ላይ ከነበሩት አንዱን በሹካ ለሁለት ከፍላ፣ የውስጡን ዱባ ከንፈሯ ላይ አስነክታ፣ ግማሹን በላችው። ራሷን ነቀነቀች።

ኒቬስ ይህን ሁሉ አየች፤ ግን አላየችም። የታያት ሌላ ነው። የታያት እናቷ ዲርቼ ናት፤ ሬጆ ከተማ ሀብታም ቤት ግርድና ሠርታ ስትመለስ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ሳህን ከሻርፗ ሥር አውጥታ ጠረጴዛ ላይ የምታኖረው። ኒቬስ ይህን ለኤርሜስ ነግራው አታውቅም። «እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች» ነው ያለችው፤ ያን ውሸት ለአንድ ዓመት ተኩል ስትጠብቀው ኖራለች። እናቷ ከሞተች ሦስት ዓመት ስላለፋት የሚያጋልጣት ሰውም የለም።

የመጀመሪያው ሳህን ፊቷ ተቀመጠ። ሦስቱም ዓይናቸውን እሷ ላይ ተከሉ።

«ብዪ እንጂ፣ ሳይበርድ» አለች ሲኞራ ኤልዲና።

«የትናንት ነው?» አለች ኒቬስ።

«አዎ፣ የትናንት ነው» አለች ሲኞራዋ፣ ኩራት በሚመስል ድምፅ። ኤርሜስም ፈገግ አለ።

ፈገግታው ነው የጨረሳት። ደሟ ፊቷ ላይ ሲወጣ ተሰማት። ሳህኑን በሁለት ጣት ገፋችው።

«የእኔ እናት የሰው ትርፍራፊ እንድበላ አላሳደገችኝም» አለች። ማቆም አልቻለችም። «ትናንት ለሐኪሙ፣ ለቄሱ፤ ዛሬ ለኔ፣ ያውም ቀምሰው! ውሻ አላችሁ አይደል? ለእሱ ስጡት።»

መጥበሻው ላይ የቀረው ቅቤ ብቻ ይንጣጣል። አጎት ጉዌሪኖ ሹካውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ሲኞራ ኤልዲና አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ኖሮ በተሻለ። ፊቷ ላይ የመጣው፣ ሰው ሳያስብ በጥፊ ሲመታ የሚመጣው ድንጋጤ ነው። ኤርሜስ ተነሳ፣ አፉን ከፈተ፣ አንድም ቃል አልወጣውም። ኒቬስ ኮቷን አንስታ ወጣች።

እስከ መጀመሪያው ኩርባ ድረስ ደረቷን ነፍታ ነዳች። ደግ አደረግሁ፣ እናቴን አስከበርኩ አለች። ከኩርባው በኋላ አፏ መራራ ሆነባት፣ ምክንያቱን ግን አላወቀችውም። ይከተለኛል ብላ ሁለት ጊዜ ዘወር አለች። ማንም አልተከተላትም።

*

ማክሰኞ ፎርማጆውን ያመጣው ሾፌሩ ነው። ኢዮሌ ጨርቁን ስትፈታ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ፤ ከሌላው ጊዜ ወፈር ያለ።

«እንኪ፣ ያው ደብዳቤሽ» አለች ኢዮሌ። «ምን አባቱ ቢሆን ነው ራሱ ያልመጣው? ሰኞ ምሳ እንዴት ነበር? ጠዋት ሙሉ አፍሽን ለጉመሽ ሊጡን እንደ ጠላት ትደበድቢዋለሽ።»

ኒቬስ እጇን ሽርጧ ላይ ጠርጋ ወረቀቱን ከፈተችው።

«ኒቬስ፣

በአፌ እንደማልችል ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ እጽፋለሁ። በቤታችን እሁድ የእንግዳ ነው፣ ሰኞ የቤተሰብ። አያቴም እንዲህ ነበረች። እንግዳ ትኩስ ነው የሚቀርብለት፤ የተረፈውን በመጥበሻ ሞቆ ወጥ ቤት ውስጥ የሚበላው የቤት ሰው ብቻ ነው። አባቴ የሞተ ሰሞን ቄሱ ሰኞ ቢመጡ፣ እናቴ ከነሐዘኗ አዲስ ሊጥ አቡክታ ነው ያበላቻቸው። የወንድሜ ሚስት ከተጋቡም በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ትኩስ ስትበላ ኖራለች። የሰኞው ሳህን የቀረበላት ዕለት አልቅሳለች።

እናቴን ከሐምሌ ጀምሮ ነው የለመንኳት። በመጨረሻ እሺ አለች። እሁድ ዕለት ሐኪሙ ድገሙኝ ቢል «አልቋል» ብላ ዋሸችው፤ ላንቺ እንዲተርፍ። እናቴ ለሐኪም ስትዋሽ አይቼ አላውቅም።

ልነግርሽ ይገባ ነበር። አንዱን ከቀመስሽ በኋላ ልነግርሽ አስቤ ነው ፈገግ ያልኩት። አልተቆጣሁም። አፍሬያለሁ፤ በማን እንዳፈርኩ ግን አላውቅም። እናትሽ ልብስ ሰፊ እንደነበሩ ነው የነገርሽኝ። ታዲያ ያ ንግግር ከየት መጣ?

ኤርሜስ»

ኒቬስ ሁለተኛ አነበበችው። ሦስተኛ ስትጀምር ፊደሉ ተደበላለቀባት። ወረቀቱን ለኢዮሌ ዘረጋችላት፤ በአፏ ከምትናገረው ያ ቀለላት። ኢዮሌ መነጽሯን አድርጋ አነበበች።

«ታዲያ አንቺ ምን ብለሽ ነው?»

«ለውሻ ስጡት።»

«ምን?»

«ለውሻችሁ ስጡት አልኳቸው።»

ኢዮሌ የዱቄት ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። «እናቴ ድረሽ! በትልልቆቹ ቤቶች እንዲህ ያለ ወግ አለ ሲባል ድሮ ሰምቼ ነበር እኮ። ሰኞ ሲሉሽ ትዝ ቢለኝ ምን ነበረበት! እኔን አፈር ይብላኝ። ግን አንቺስ ልጄ፣ ሰው ባይጥመው ‹ጠገብኩ› ይላል እንጂ...»

የሱቁ ደወል አቃጨለ። ደንበኛቸው ሲኞራ ኖርማ ቅርጫቷን አንጠልጥላ ገባች።

«ኒቬስ የኔ ቆንጆ፣ እሁድ ከናንተ ከወሰድኩት ቶርቴሊ ተቀቅሎ የቀረ አለኝ። የፈላ ውሃ ውስጥ ልመልሰው?»

ኢዮሌ ልትመልስላት ብድግ ስትል ኒቬስ ቀደመቻት። ይህን መልስ በየሳምንቱ ትሰጠዋለች፤ እንደ ጸሎት ነው የምታውቀው።

«ውሃ ውስጥ አይመለስም፣ ይፈነዳል። ጠረጴዛ ላይ ነው ያደረው ወይስ ፍሪጅ?»

«እንዴ፣ ወዲያው ነው ፍሪጅ ያስገባሁት!»

«ውጭ ያደረ ከሆነ ይጣላል፣ ባይሸትም። ወዲያው ከገባ ደህና ነው። ቅቤ ጣል ያደርጋሉ፣ እሳቱን ዝቅ። ማንኪያ ውሃ። ክዳን ይደፉበታል፣ ሙቀቱ ሆዱ ድረስ እንዲገባ። ከዚያ ይከፍቱና ሳይነካኩት ቅርፊት እስኪያወጣ። ከማቅረብዎ በፊት...» አለችና ቆመች።

«ከማቅረቤ በፊት?»

«መሀል ካሉት አንዱን ይከፍሉና ይቀምሱታል። ውስጡ በደንብ መፋጀቱን ለማወቅ። ለሚበላው ሰው... እንዳያመው።»

ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ሲኞራ ኤልዲና ምኗንም አልናቀችባትም። ኒቬስ በዚህ ባንኮኒ ላይ ቆማ ለሰው ሁሉ የምትመክረውን አንድ በአንድ፣ አንዲት ነገር ሳታጎድል፣ ለእሷ ስታደርግላት ነበር። እሷ ደግሞ «ቀምሰው» አለች። በሙያዋ እንኳ አፈረች።

«ምነው፣ ሽንኩርት ከተፍሽ እንዴ?» አለች ሲኞራ ኖርማ።

«አዎ» አለች ኒቬስ፣ ዱቄት የሌለበት ቦታ ፈልጋ ዓይኗን በክርኗ እየጠረገች። በጓስታላ ሁሉ የእሷን ያህል ፊቷን የምትደብቅበት ያጣች ሴት ያለች አልመሰላትም።

*

ረቡዕ ሦስት መስመር ጽፋ በሾፌሩ እጅ ላከች፤ ለኤርሜስ ሳይሆን ለእናቱ። «መጥቼ ይቅርታ ልጠይቅዎት እፈልጋለሁ» የሚል። መልሱ በዚያው ቀን መጣ። «ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት።»

ሐሙስ የምትቀይረው ልብስ አልነበራትም፤ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ሄደች። የምትለውን መንገዱን ሙሉ አጥንታለች። ሲኞራ ኤልዲና በሩን ከፈተችና «እንኳን ደህና መጣሽ» አለቻት፤ ኮቷን ተቀብላት ሰቀለችላት። ከዚያ ወደ ትልቁ የምግብ ክፍል መራቻት።

ጠረጴዛው ለብሷል። ነጭ የተተኮሰ ጨርቅ፣ ጠርዙ ወርቅማ ሳህን፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ብርጭቆ። ኤርሜስ ከረባት አስሮ ቆሟል፤ ቀና ብሎ አላያትም። አጎት ጉዌሪኖ ሳይቀር ኮት ለብሷል፣ ቀልድ የለም። ሲኞራዋ ክዳን ያለው ትልቅ ሳህን ይዛ ገባችና ገለጠችው። ቶርቴሊ ነው፤ አሁን ከድስት የወጣ፣ እንፋሎቱ የሚትጎለጎል፣ ሊጡ ከስሱነቱ የተነሳ ዱባው በውስጡ የሚታይ። የዛሬ ጠዋት ሥራ ነው።

«ለእንግዳችን» አለች ሲኞራ ኤልዲና፣ ከሁሉ አስቀድማ ለእሷ እያወጣች።

ከተቆጣች ሰው ፊት መቆም ይቻላል። ይህን ግን ኒቬስ አልጠበቀችውም። ሲኞራዋ አልሰደበቻትም፣ አላባረረቻትም። እንግዳ አደረገቻት። አንዱን ቶርቴሊ ቆርሳ አፏ ውስጥ ጨመረች። እንዲህ ያለ ሊጥ እሷም በሕይወቷ የዳመጠችው ከሁለት ሦስቴ አይበልጥም። ያጠናችው ሁሉ ከአእምሮዋ ጠፋ።

«እናቴ ልብስ ሰፊ አልነበረችም» አለች፣ ሹካውን አስቀምጣ።

ኤርሜስ ቀና አለ።

«ገረድ ነበረች። ሬጆ፣ አንድ ሀብታም ቤት። ማታ ማታ የተረፋቸውን በጨርቅ ቋጥራ ታመጣልናለች። ያደግነው በእሱ ነው፣ እኔና ወንድሜ ሎሪስ። አንድ ጊዜ የበዓል ካፔሌቲ አመጣች፤ በመረቅ የሚበላውን፣ ሥጋ የተሞላውን። ከቀትር እስከ ማታ ለብ ያለ ምድጃ ላይ ተቀምጦ የዋለ ነው። አልሞቀ አልቀዘቀዘ። እመቤቲቱ ለክፋት አይደለም የሰጠቻት፣ አላወቀችም። እናቴም አላወቀችም። ሎሪስ አራት ዓመቱ ነበር። ሦስት ቀን ሞተ ዳነ ስንል ከረምን። እናቴ የቀረውን ቦይ ውስጥ ደፋችው፣ ሳህኑን ጭምር።»

ሲኞራ ኤልዲና የምታወጣበትን ማንኪያ አስቀመጠች።

«በሳምንቱ ሌላ አመጣች። ምን ታድርግ? ሎሪስ አልበላም አለ፣ እኔ ግን በላሁ። ርቦኝ ነበር። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው ሲኞራ፤ ጣፍጦኝ ነበር። ሰኞ ሳህኑን ሲያቀርቡልኝ ያ ሁሉ መጣብኝ። እና እዚያ ቆሜ ‹እናቴ ትርፍራፊ አላበላችኝም› አልኩ። ያሳደገችኝ ግን በእሱ ነው።»

«ወንድምሽ ዳነ?» አለች ሲኞራ ኤልዲና።

«ድኗል። ቶሪኖ ነው፣ መኪና ፋብሪካ።»

«ተመስገን» አለች። ጨርቁ ላይ የወደቀች ፍርፋሪ በጣቷ ለቀመች። «እኔን የሰደብሽኝን ልተወው። እናትሽን ግን ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆመሽ ካድሻት። ሌት ተቀን ለፍታ ያሳደገችሽን ሴት። ይህን ስሰማ ከስድቡ ይልቅ አመመኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ያን ሳህንሽን ደግሞ ውሻው አልበላውም። እኔ ነኝ የበላሁት። እነዚህ ሁለቱ ከወጡ በኋላ፣ በርዶ፣ ቆሜ።»

ኒቬስ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ያቺ ኩሩ ሴት ምድጃው አጠገብ ብቻዋን ቆማ፣ ለሌላ ሰው ያሞቀችውን፣ የተገፋ ሳህን ስትበላ ታያት። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ብትነግሪኝ ምን ልሆን ነበር?»

የኤርሜስ ድምፅ ነው። አጎቱ እንኳ ዞሮ አየው፤ በሰው ፊት ይህን ያህል ሲናገር ሰምቶት አያውቅም።

«ትተወኛለህ ብዬ።»

«በእናትሽ ሥራ?»

«አዎ።»

«አንድ ዓመት ተኩል ስጽፍልሽ፣ ያነበብሽው እንዲህ ያለ ሰው ነው?» አለ። ጆሮው ብቻ ሳይሆን ዓይኑም ቀልቷል። «እኔ ሌሊት ሌሊት ቃል ስመርጥ፣ አንቺ ይህን ነበር የምትጠብቂው?»

ያን ሁሉ ወረቀት አንድም ሳትጥል ያስቀመጠች ሴት፣ የጻፈውን ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ አምናው አታውቅም ነበር። ከውሸቱም፣ ከስድቡም ይልቅ ይህኛው ኅሊናዋን ቆረጣት። «ኤርሜስ፣ በድዬሃለሁ» አለች፤ ከዚህ የሚበልጥ ቃል አጣች። እሱም ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ እሺ ማለቱ ይሁን አይ ማለቱ ግን አልለየላትም።

ሲኞራ ኤልዲና ተነሳች። ምግቡ ከግማሽ በላይ ተበልቷል፤ አጎት ጉዌሪኖ ልቡ የተሰበረ ለታም ሆዱን አይረሳም። የቀረውን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ኒቬስ ተነሺ ሳትባል ተከተለቻት።

ሲኞራዋ ትሪ ቅቤ ቀብታ ቶርቴሊዎቹን ታሰልፍ ጀመር። «ከተከመረ ያልበዋል» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ኒቬስ እጇን ታጥባ ከወዲያኛው ጎን ያዘችላት። የተጣበቁትን ሁለቱን ሊጣቸው ሳይቀደድ ለየቻቸው። ሲኞራዋ እጆቿን አየት አደረገች። ሁለቱም ሲሠሩ ቆዩ። ቶርቴሊው እንፋሎቱ ጨርሶ ሲወጣለት ወረቀት አለበሱት።

ኒቬስ አሁን ካልተናገረች ኮቷን ለብሳ መውጣቷ እንደሆነ አወቀች። ሲኞራዋ በር ድረስ ትሸኛታለች፣ በጨዋ ደንብ፣ ለዘለዓለም።

«ሲኞራ» አለች። «ይህን የተረፈውን... ነገ መጥቼ ልብላ?»

ቃሉ ሲወጣ ጉንጯ እንደ እሳት ነደደ። ሕፃን ሆና እንኳ፣ ርቧት እንኳ፣ ትርፍራፊ በአፏ ለምና አታውቅም። የሚያመጣላት ሌላ ነበር፤ እሷ ዝም ብላ ትበላ ነበር። አሁን ለመነች፣ ቆማ፣ ዓይን ለዓይን።

ሲኞራ ኤልዲና ወረቀቱን ከጠርዙ ገለጥ አድርጋ ቆጠረች። ቀስ ብላ ነው የቆጠረችው።

«አሥራ አንድ ነው» አለች። «ለአራት ሰው አይበቃም።»

«ገባኝ» አለች ኒቬስ። ሽርጡን የምትፈታ መስሏት ወገቧን ዳሰሰች፤ ሽርጥ አልነበራትም። ኮቷ የተሰቀለበትን አቅጣጫ ፈለገች።

«ምኑ ነው የገባሽ?» አለች ሲኞራዋ። ትሪውን ፍሪጅ ውስጥ አስገብታ በሩን በክርኗ ዘጋችው። «ወንዶቹ ዳቦ በፎርማጆ ይበላሉ፤ አይሞቱም። እኔና አንቺ ነን የምንበላው። ስድስቱ ያንቺ ነው፣ አምስቱ የኔ።»

ከጓዳው ወዲያ የአጎት ጉዌሪኖ ድምፅ ተሰማ፤ ጆሮውን ጥሎ ሲሰማ ኖሯል። «ኧረ በሕግ አምላክ! እኔስ?»

«አንተ ኮትህን አውልቅ» አለችው። ወደ ኒቬስ ዞረች። ፊቷ ገና አልተፈታም። «የምታሞቂው ደግሞ አንቺ ነሽ። የከተማውን ሰው ሁሉ እንዴት እንደሚሞቅ ታስተምሪያለሽ አሉ፤ እስቲ በኔ መጥበሻ አያለሁ። እንዳታሳርሪው።»

ኒቬስ ራሷን ነቀነቀች። ሲኞራ ኤልዲና ይቅር አላለቻትም፤ ያ ቃል ከአፏ አልወጣም፣ ምናልባትም ለብዙ ጊዜ አይወጣም። ተከትሏቸው መጥቶ በሩ ላይ የቆመው ኤርሜስም ገና ይቅር አላላትም። ሐፍረቱ ከነሙሉ ክብደቱ ፊቷ ላይ አለ፣ ይፋጃል። ይሁን እንጂ ለመጀመሪያ ጊዜ አልደበቀችውም። ሁለቱም እያዩዋት፣ አንገቷን ሳትደፋ፣ እዚያው ምድጃው አጠገብ ቆማ አለቀሰች።